ለድሬ ውሃ የሚሆን የቡና ማፍያ

(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ፣ ድሬዳዋ፣ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያህ የሆነ፣ ግን ለሁሉም የሚጠቅም ነገር ተናገር» አሉኝ። ሙያዬ የፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ነው። ከምሳ በኋላ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት፣ ስለ ቦይለር ባወራ ግማሻችሁ እንደምታንቀላፉ አውቃለሁ። ስለዚህ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ስላለችው ትንሿ ቦይለር ላውራ ብዬ መጣሁ፤ ስለ ቡና ማፍያ ማሽን ማለቴ ነው።

ለምን እኔ ብትሉ፣ ቦይለር ከፍቼ እንደምጠግን ጎረቤት ያውቃል፤ ጎረቤት ካወቀ ደግሞ ድሬ በሙሉ አወቀ ማለት ነው። የቡና ማሽን የተበላሸበት ሁሉ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። ከማሽኖቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከእናንተ የመጡ ናቸው። አዎ፣ ከእናንተ! ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዱባይ ለእናታችሁ፣ ለአክስታችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ስትመለሱ ለምትገቡበት ቤት ያመጣችኋቸው ናቸው። ውድ ናቸው፣ ያምራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ዓመት እንኳን አይደፍኑም። ከዚያ በስልክ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እሺ፣ የትኛውን ብራንድ ብገዛ ይሻላል?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ውሃው የየት ሰፈር ነው?»

የድሬዳዋ ውሃ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከተማዋን ከሚያጠጡት የጉድጓድ መስኮች አንዱ ሳቢያን ነው፤ ብዙዎቻችሁ ስሙን የምታውቁት እንደ ሰፈር ይሆናል። ከሥር ካለው አለት ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ድሬዳዋ መሆኑን አስታውሱ። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ያንን ድንጋይ ቀስ እያለ ያሟሟዋል፤ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ተሸክሞ እስከ ቧንቧችን ይመጣል። መቀሌ ያደጋችሁም ይህን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ የእናንተም ድንጋይ የዚሁ ዘመድ ነው። ሕዝቡ «ውሃው ጨው አለው» ይላል። የወጥ ጨው ባይሆንም በስሙ አንጣላም። እኔ ጠንካራ ውሃ እለዋለሁ።

ለመጠጥ ክፉ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያወጣው ገደብ የለም። ችግሩ የሚጀምረው ስናሞቀው ነው። ሲሞቅ ባይካርቦኔቱ ይፈርሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተናል፣ ካልሲየም ካርቦኔቱ ደግሞ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የት ላይ? በጣም በሞቀው ቦታ ላይ። ይኸውም ማሽኑ ልቡ ያለበት፣ ሬዚስታንሱ የተገጠመበት ቦታ ነው።

ጥንካሬው በሊትር በሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይለካል። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ60 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ120 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። ለምሳሌ 300 የሆነ ውሃ እንውሰድ፤ ለዚህ አካባቢ ጉድጓድ የሚያስደንቅ ቁጥር አይደለም። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ቡና የሚያፈላ ቤት በዓመት 547 ሊትር ገደማ በማሽኑ ውስጥ ያሳልፋል። ያ ሁሉ ውሃ 164 ግራም ድንጋይ ተሸክሟል። ሁሉም አይቀርም፤ ግማሹ ብቻ ቢቀር ግን ከ80 ግራም በላይ ነው። ሰማንያ ግራም ድንጋይ እንደ እርሳስ በቀጠነ ቱቦ ውስጥ አስቡት።

ድንጋዩ ሙቀት አያሳልፍም። አሉሚኒየም ከእሱ በመቶ እጥፍ ገደማ የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ ቅርፊቱ ሲወፍር ሬዚስታንሱ ይግላል እንጂ ውሃው አይፈላም፤ ቡናው ለብ ይላል፣ ማሽኑ ያጓራል፣ በመጨረሻ የሙቀት ፊውዙ ይቃጠላል። ሰው «ቻይና ነው፣ ተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል። ከፍቼ ያየኋቸው ግን ብዙዎቹ ከደጅ እስከ ውስጥ ጤነኛ ነበሩ፤ ያቺ አንዲት ቱቦ ብቻ ተዘግታ ነው።

በፋብሪካ ቦይለር የምንሠራ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ቦይለር ስንገዛ የምናየው የሰው መግቢያውን ነው። ይከፈታል? እጅ ይገባል? መብራት አስገብቼ ቱቦውን አያለሁ? ካላየሁ አልታጠበም። ለቤት ማሽንም የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። በለስላሳ ውሃ አገር ዕድሜ የሚሰጠው ጥሩ ፓምፕ፣ ጥሩ ብረት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ዕድሜ የሚሰጠው መከፈቱ ነው። የሞቀ ውሃ የሚነካውን ቦታ ሁሉ በዓይናችሁ ማየትና በጣታችሁ መንካት ካልቻላችሁ፣ ዋጋው ምንም ይሁን አትግዙ።

እስቲ በዚህ መለኪያ እንያቸው።

የካፕሱል ማሽን ወደቀ። ውስጡ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ነው፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ካፕሱሉንም ከውጭ ማስመጣት ነው። በቡና አገር ተቀምጦ ቡና በአውሮፕላን ማስመጣት ምን ይባላል? አልፈዋለሁ።

ፍሬውን ራሱ ፈጭቶ፣ ወተቱን ራሱ አረፋ አድርጎ የሚያወጣው ትልቁ አውቶማቲክም እዚህ ከተማ አይመከርም። ሳየው አደንቀዋለሁ፣ መሐንዲስ ነኝና። ነገር ግን ቫልቮቹና ቱቦዎቹ ብዙ ናቸው፣ መለዋወጫውም ድሬ የለም።

በእጅ የሚሠራው የኤስፕሬሶ ማሽን፣ ያ ፓምፕ ያለውና 9 ባር ገደማ ግፊት የሚሰጠው፣ መሀል ላይ ነው። የነሐስ ወይም የስቴንለስ ቦይለር ኖሮት በብሎን የሚፈታ ከሆነ ጠጋኝ ያለው ቤት ዓመታት ይቆያል። ውሃው የሚያልፍባቸው አንዳንድ ቀዳዳዎች ግን ከ1 ሚሊሜትር ያነሱ ናቸው፤ አንዲት የኖራ ፍንካች ትበቃቸዋለች። የታከመ ውሃ ካላጠጣችሁት አትጀምሩት።

ጠብ ጠብ የሚያደርገው የፊልተር ማሽን ብዙ ሰው «ቀላል ነው» ብሎ የሚገዛው ነው። እውነትም ቀላል ነው፤ በአብዛኛው ፓምፕ እንኳን የለውም። ከሥሩ ያለው ቱቦ ውሃውን ያፈላል፣ የእንፋሎቱ አረፋ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል። ብልህ ሥራ ነው። ያቺ ቱቦ ግን አትከፈትም፤ በሎሚ ወይም በአሲድ ብቻ ነው የምትደርሱባት። በየወሩ ካጠባችሁት ይኖራል፤ ከረሳችሁት ይሞታል።

ሞካ ግን አለፈች! አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር ከሠራት ጀምሮ ብዙም አልተለወጠችም። ሦስት ቦታ ትፈታለች፣ ታችኛው ክፍሏ እንደ ኩባያ አፉ ሰፊ ነው፣ የሚያረጀው ጎማዋ ብቻ ነው፣ እሱም ለብቻው ይገዛል። መብራት ሲጠፋ በከሰልም ትሠራለች። (የሰውየው ልጅ ሬናቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሞት አመዱ የተቀመጠው በትልቅ ሞካ ውስጥ ነው፤ ፍቅር ማለት ይህ ነው።) በእኛ ውሃ አንድ ጥንቃቄ አላት። በጎኗ ያለችው ትንሿ የደህንነት ቫልቭ በኖራ ከተደፈነች ግፊቱ መውጫ ያጣል። በየጊዜው ነካ ነካ አድርጋችሁ መንቀሳቀሷን እዩ፤ ውሃም ከእሷ በላይ አትሙሉ። ከቻላችሁ ከአሉሚኒየሙ የስቴንለሱን ግዙ፤ አሲድ ይችላል።

ጀበናስ? ከሁሉም የሚበልጥ ነው። እሳቱ ከውጭ ነው፣ የሚደፈን ቱቦ የለውም፣ ኖራው ሳይገድለው በፊት ልጆች ይሰብሩታል። ጀበና ማንሳት ለሚችል ሰው ይህ ሁሉ ንግግር አያስፈልግም ነበር።

የማይችል ሰው ግን አለ። አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ፈቅደውልኛል፤ «ስሜን ብቻ አትጥራ» ብለዋል። የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን የነበሩትን፣ «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸውን፣ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቡሬት የሰበረ ተማሪ እንዳይከፍል «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» ብለው ይመዘግቡ የነበሩት። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚኖሩት እዚሁ ድሬ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗል። ከዚያ ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጃቸው ደከመ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረቤቶች እሳቸው ቤት ቡና የመጠጣት የቆየ ልማድ ነበራቸው። ሙሉ ጀበና በደካማ እጅ ማንሳትና ሲኒ ላይ ማነጣጠር አይቻልም። ልጃቸው ከውጭ አገር ቁልፍ የምትጫን ማሽን ላከች። ስምንት ወር ሠራች፤ ቆመች።

ያን ጊዜ ጋሼ ለጎረቤቶቹ ምን አሏቸው መሰላችሁ? «ሐኪም ቡና ከለከለኝ።» ሐኪም አልከለከለም። በገዛ ቤታቸው ሌላ ሰው ተነስቶ ቡና ሲቀዳላቸው ማየት ከብዷቸው ነው። ጎረቤቶቹም አመኑ፤ ላለማስጎምጀት ብለው መምጣት ቀነሱ፣ በኋላም ተዉት። እኔ የሰማሁት ከአንደኛው ጎረቤት ነው፤ «ማሽኗን እስቲ እይለት፤ ባይጠጣም ለእንግዳ ትሆናለች» ብሎ አመጣልኝ።

ከፈትኳት። የውሃ መንገዷ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቀርቷል። ማጽዳት ይቻል ነበር፤ ግን በዚያው ውሃ ከስምንት ወር በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነን። ሞካም ለእሳቸው አትሆንም፤ እንፋሎት እንዳያመልጥ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይፈልጋል፣ ያቺ እጅ ደግሞ ማሰር አትችልም። ስለዚህ «የሚከፈት ግዙ» የሚለው ምክሬ ብቻውን አይበቃም፤ የሚከፍተው እጅ የማን ነው ብሎ መጠየቅም አለ።

ያገኘነው መንገድ ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። ውሃ የሚያፈላው ሌላ፣ ቡና የሚያወጣው ሌላ ይሁን። አንድ ሊትር የምትይዝ፣ አፏ ሰፊ፣ ሬዚስታንሷ ከወለሉ ሥር የተደበቀ የስቴንለስ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ገዛን፤ ክዳኗን ከፍታችሁ ስታዩ ጠፍጣፋ ወለል ብቻ ነው የሚታየው። ከእሷ ጋር ፍሬንች ፕሬስ፣ ያውም መስታወት ያልሆነ፣ ስቴንለስ። ቡናው ወፈር ተደርጎ ይፈጫል፣ የፈላ ውሃ ይጨመራል፣ አራት ደቂቃ ይጠበቃል፣ በግራ እጅ መዳፍ ወደ ታች ይጫናል። ማንቆርቆሪያዋ በግማሽ ከተሞላች ቀላል ናት። ጋሼ አገላብጠው አይተው «ይሄ እኮ ቤከርና ማጣሪያ ነው፤ ምነው ቀድመህ አልነገርከኝ?» አሉ። ፍሬንች ፕሬስ የሚበላሽ ነገር የለውም፤ ወንፊቷ ስታረጅ ወንፊቷን መቀየር ነው። ማንቆርቆሪያዋ ደግሞ ኖራ ስትይዝ ከላይ ወለል ብሎ ይታያል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሎሚ ያጥቧታል፤ ያጠቡበትን ቀን ግድግዳው ላይ በላቦራቶሪ መዝገብ ዓይነት ሠንጠረዥ ይጽፋሉ። ጎረቤቶቹ ተመልሰዋል። አንደኛው «የጀበናውን ያህል አይደለም» ይላል፤ ልክ ነው፣ አይደለም። ግን ይመጣል። ሐኪሙ ክልከላውን አነሳ ተብሏል።

አሁን ስለ ውሃው ራሱ። ማሽን ያላችሁ፣ ወይም ግድ ማሽን ካልሆነ የምትሉ፣ ድንጋዩ ማሽኑ ውስጥ ከሚቀር ድስት ውስጥ ይቅር። ማታ ውሃውን በድስት አፍሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። ክዳኑን ገጥማችሁ እስከ ጠዋት አሳድሩት። ነጩ ዱቄት ወደ ታች ይዘቅጣል። ሳታናውጡ ከላይ ያለውን ቅዱ፣ ከሥር ያለችውን ሁለት ጣት ያህል ድፉ። ይህ ሁሉንም ጥንካሬ አያወጣም፤ ከካልሲየምና ማግኒዚየም ሰልፌት የሚመጣው በመፍላት አይወርድም። ቅርፊት የሚሠራውን ዋናውን ክፍል ግን ያወጣል። ድስት ደግሞ በብረት ሱፍ ይፈተጋል።

ለጣዕሙም ይጠቅማል። የሐረር ቡና የሚወደደው በዚያ የወይን፣ የፍራፍሬ በሚመስል ጣዕሙ ነው፤ ለዚያ ጣዕም የቡናው አሲድም ድርሻ አለው። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ያንን አሲድ ይበላዋል። ምርጥ ቡና ገዝታችሁ ቡናው ዝም ካለባችሁ ውሃውን ጠርጥሩ።

በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ የሚሸጥበት ሰፈር ያላችሁ ጥቂት የቧንቧ ውሃ ቀላቅሉበት። ጨርሶ ማዕድን የሌለው ውሃ ቡናውን ጣዕም ያሳጣዋል፣ ብረትም ይበላል፤ የውሃ መጠን በኤሌክትሪክ የሚያውቁ አንዳንድ ማሽኖችም «ውሃ የለም» ብለው እምቢ ይላሉ። የታሸገ ውሃ የምትጠቀሙ ላስቲኩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ካልሲየምና ባይካርቦኔት የሚሉት ቁጥሮች ትንሽ የሆኑበትን ምረጡ። የታሸገ ሁሉ ለስላሳ አይደለም።

ለማጠብ ሎሚ ይበቃል። የሎሚ ጭማቂ 5 በመቶ ገደማ ሲትሪክ አሲድ ነው። ዱቄቱን ካገኛችሁ ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። ለብ ያለ ነው ያልኩት፤ አታፍሉት። ሲፈላ ካልሲየም ሲትሬት የሚባል ሌላ ዝቃጭ ሊሠራና ቱቦውን ራሱ ሊደፍን ይችላል። አቼቶም ይሠራል፤ ግን ሽታው በጎማው ውስጥ ይቀራል፣ ሦስት ቀን ሰላጣ የሚሸት ቡና ትጠጣላችሁ። አሉሚኒየም ከሆነ አሲዱን አታሳድሩበት፤ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። በረኪና ደግሞ ኖራን ምንም አያደርገውም፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለም መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በአጠገቡ አታድርሱት።

ከአሜሪካ ለምትመጡ አንዲት ቃል። የእናንተ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የ120 ቮልት ሬዚስታንስ እዚህ ሲሰካ ከ3 እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ያ ማሽን ኖራ እስኪይዘው አይጠብቅም፣ በመጀመሪያው ሲኒ ይሄዳል። ለ1500 ዋት የሚበቃ ትራንስፎርመር ደግሞ ከማሽኑ ይከብዳል። ከአውሮፓና ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ችግር የለበትም፤ ሶኬቱን ብቻ እዩ። በሻንጣችሁ ማሽን ከምትጭኑ ስቴንለስ ሞካና ሁለት ትርፍ ጎማ ብታመጡ እኔም ዕረፍት አገኛለሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ ለመምህራኖቻችን ነው፤ ቀድሜ አነጋግሬያቸው ተስማምተዋል። በአንደኛ ዓመት ላቦራቶሪ ያደረግነውን የኢዲቲኤ ቲትሬሽን ታስታውሳላችሁ? ፒኤች 10፣ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ፣ ከወይን ጠጅ ቀይ ወደ ሰማያዊ። ያን ጊዜ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ያልን ነበርን። ነገ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የኬሚስትሪ ክፍል መምህራን በዚሁ አዳራሽ በረንዳ ላይ ቡሬት ይዘው ይቀመጣሉ። ጋሼም ይመጣሉ፤ ቀለሙ የተቀየረባትን ጠብታ ከእሳቸው በተሻለ የሚያይ የለም። ከቤታችሁ፣ ከእናታችሁ ቤት፣ ካረፋችሁበት ውሃ አምጡ። አመጣጡ እንዲህ ነው፤ ቧንቧውን ሁለት ደቂቃ ያህል ክፈቱት ይፍሰስ፣ ንጹሕ የግማሽ ሊትር ላስቲክ በዚያው ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ፣ እስከ አፉ ሙሉና ክደኑ። በላዩ ላይ ስማችሁን ሳይሆን ሰፈሩን ጻፉ፤ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ። ከሮቶ የቀዳችሁ ከሆነም «ሮቶ» በሉ። ቁጥሩን እዚያው እንነግራችኋለን። ማሽን ገዝታችሁ ካርቶኑን ገና ያልከፈታችሁ ካላችሁ፣ ደረሰኙንም ይዛችሁ ኑ።